ቃሲል በቀን ሦስቴ

ዳሃቦ ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ የሴት ቀሚስ መሸጥ ከጀመረች አሥራ ሁለት ዓመት አልፏታል። ቆማ ስትውል እግሯ ያብጣል፣ ወገቧ ይቆረጣል። ዘንድሮ ግን ያደከማት ሥራው ሳይሆን የሰው ምክር ነው።

ልጇ ፊርዶስ አሥራ አምስት ሲሞላት ፊቷ ብጉር በብጉር ሆነ። የድሬ ሰው ደግሞ በምክር አይሰስትም፤ ያልጠየቁትንም ያድላል። አንዷ «የግመል ወተቱ ነው» አለች፤ ወተት ቀረ። ሌላዋ «ለውዙ ነው» አለች፤ ለውዝም ቀረ። ጎረቤቷ ባለሱቅ በድሪያማ እዚያው ልጅቷ ፊት፣ «አቦ ተይ፣ ባል ሲያምራት ነው» ብላ ሳቀች። ምነው አፏን በያዘላት! ፊርዶስ ከዚያ ወዲህ ገበያ ድርሽ አላለችም። ውላ አድራ ትምህርት ቤቱንም አልሄድም አለች።

ዳሃቦ በበኩሏ ቆሻሻ ነው ባይ ናት። እናቷም እንዲያ ብላ ነው ያሳደገቻት። ስለዚህ ከቁርቁራ ቅጠል የሚፈጨውን ቃሲል በሎሚ በጥብጣ የልጇን ፊት ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ታሸዋለች። ለቀትሩ ሱቋን ዘግታ፣ በዚያ ፀሐይ በባጃጅ ቤቷ ትመላለሳለች። ብጉሩ ሲብስባት እሽቱን ታጠብቃለች። «ቻይው፣ ቆሻሻው ሲወጣ ነው የሚያቃጥለው» ትላታለች። ልጅቷም ትችላለች።

በመጨረሻ ሰልችቷት ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ሐኪሟ ጉንጯን አይታ ፊርዶስን መድኃኒት ቤቱ ጋ ተራ እንድትይዝ ላከቻትና፣ «በምንድን ነው የምታሹት?» ስትል እናትየዋን ጠየቀች። ዳሃቦ ነገረቻት፤ እንዲያውም ትንሽ ኮራ ብላ።

«ቆሻሻ አይደለም እናቴ» አለች ሐኪሟ። «በዚህ ዕድሜ ሰውነት ሲለወጥ ቆዳ ቅባት ያበዛል፣ ቀዳዳው ይደፈናል፣ ያብጣል። በዘርም ይመጣል። ይኼ ቀዩ ግን ብጉር አይደለም፤ በእሽት የተላጠ ቆዳ ነው። በለስላሳ ሳሙና ቀን ሁለቴ ትታጠብ፣ ያዘዝኩላትን ትቀባ። ሁለት ሦስት ወር ታገሱ።»

ዳሃቦ ስትወጣ የራሷን ጉንጭ ዳበሰች። የልጅነት የእሽት ጠባሳዋ እስከ ዛሬ ይሻክራል። በእናቷ ልትናደድ አሰበችና አቅም አጣች።

ከመግሪብ በኋላ ፊርዶስ እንደ ወትሮው የቃሲሉን ሳህን ይዛ መጣች። በርጩማው ላይ ተቀምጣ ዓይኗን ጨፈነችና ፊቷን ቀና አደረገች። ዳሃቦ ሳህኑን ወዲያ አድርጋ፣ ቀዝቃዛ ውኃ በመዳፏ እየጨለፈች ቀስ ብላ አጠበቻት።

ልጅቷ እሽቱን ብትጠብቅ ቀረ። ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «ሆዮ፣ ተስፋ ቆረጥሽብኝ እንዴ?» አለቻት እናቷን።

«የለም ልጄ። እኔው ነኝ ያቆሰልኩሽ። ሐኪሟ ነገረችኝ።»

«አውቅ ነበር» አለች ፊርዶስ።

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«በዚያ ፀሐይ ለእኔ ብለሽ ስትመጪ፣ እንዴት አመመኝ ልበልሽ?»