ድንኳን ተካዩ በአሥራ ሰባተኛው ፎቅ

በእኛ ሰፈር፣ በደርብ አሕመር፣ ሐጂ ባዩሚ ድንኳን ያልተከለለት ሰው ወግ ባለው መንገድ ሞተ አይባልም ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ የካይሮን ሙታን ያስተናገደ ሰው ነው። ምሰሶውን ሲያቆም፣ ገመዱን ሲወጥር፣ ወንበሩን ሲደረድር ያየ ጤነኛ ሁሉ ለመሞት ይቃጣው ነበር። አንድ ጫማ ሰፊ ጎረቤታችንማ ድንኳኑ አምሮት ሁለት ጊዜ ታሞ ተኝቶ፣ ሁለቴም ድኖ አፍሯል።

የድንኳኑ ውበት ግን የባዩሚ አልነበረም፤ የሚስቱ የሰኒያ ነበር። ሸራው ላይ በአበባ ቅርጽ የተቆረጠ ሰማያዊና ነጭ ጨርቅ የምትሰፋው እሷ ናት። ታዲያ በእያንዳንዱ ሸራ ላይ ከሰማያዊዎቹ አበቦች መሀል አንዲት ቀይ ቅጠል ጣል ታደርጋለች። ለምን ሲሏት፣ “ለቀስተኛ ዐይኑን የሚያሳርፍበት ይፈልጋል” ትላለች። በዚያች ቀይ ቅጠል የተነሣ የሰኒያን ሸራ ከመንገድ ማዶ እንለየው ነበር።

ባዩሚ ሁለት ሕግ ነበረው። አንደኛው፣ ድንኳን የሚተከለው ከሟች ደጃፍ ላይ ነው፤ ሌላ ቦታ ትከልልን ያለውን ሁሉ አባሯል። ሁለተኛው፣ ለለቅሶ ሰው አይጠራም። ድንኳኑን ያየ ይገባል፣ በቃ። “ኑልን” ብሎ መልእክት የላከ ቤተሰብ ከእሱ ዘንድ ወንበር አያገኝም።

ቤታቸው ተሰንጥቆ በፈረሰ ጊዜ፣ ኩዌት የሚሠራው ልጃቸው ሐምዲ ከከተማው በስተምሥራቅ በረሃው ውስጥ ኮንዶሚኒየም ገዛላቸው። መንደሩ “የሐይቁ ዕንቁ” ይባላል። ስድስት ባለ ሃያ ሁለት ፎቅ ሕንፃዎች፣ በቧንቧ የሚሞላ ሐይቅ፣ በሐይቁ ዙሪያ ደግሞ ከእኛ ሰፈር ልጆች ይበልጥ የሚታጠብ የጎልፍ ሣር። ዳክዬዎቹ እንኳ መታወቂያ አላቸው ይባላል።

ባዩሚ ምሰሶና ወንበሩን ሁሉ ሸጦ አሥራ ሰባተኛ ፎቅ ወጣ። ሰኒያ ግን አንድ ሸራ አስቀረች። በሁለት ዓመት ውስጥ እዚያ ያፈራችው ጎረቤት አንድም የለም። አሳንሰር ውስጥ “ሰላም ዐለይኩም” ስትላቸው፣ ሰዎቹ ስልክ የምታወራ መስሏቸው ወደ ስልካቸው ያቀረቅራሉ።

እንግዳ ሲመጣ ደግሞ የበሩ ጥበቃ ለቤቱ በተመዘገበው ቁጥር ይደውላል። ካልተነሣ፣ እንግዳው የመጣበትን መንገድ ይይዛል። የተመዘገበው የሰኒያ ቁጥር ነበር፤ ባዩሚ ስልክ ይዞ አያውቅማ። “ሰኒያ እያለችኝ ስልክ ምን ያደርግልኛል?” ይላል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ያቺኑ ሸራ ስትጠግን፣

“ባዩሚ፣ እዚህ ብሞት ማን ያውቃል?” አለችው።

“እኔ አለሁ አይደል እንዴ?”

“አንተማ ታውቃለህ፣ ቁርስ ስታጣ።” መርፌዋን ጥርሷ ላይ ያዘች። “ለዓለም ሁሉ ድንኳን ተክለሃል። ለእኔስ?”

“ከደጃፍሽ ላይ እተክልልሻለሁ። በዚህችው ሸራ።”

“ማልልኝ።”

“ወላሂ!”

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሻይ አፈላችለትና “ትንሽ ጋደም ልበል” አለች። ስልኳን ድምፁን አጥፍታ የስፌት ቅርጫቷ ውስጥ ጣለችው። ተኛች፤ በዚያው ቀረች።

አስክሬኑ የወጣው በኋለኛው በር ነው። ደንባቸው ነው፤ ሬሳ፣ ቆሻሻና የሣር ማዳበሪያ በዋናው በር አያልፉም። ቀትር ላይ እኛ ሰፈር አጠገብ ባለው የዘመዶቿ መቃብር ተቀበረች። ከመስጊዱ ድምፅ ማጉያ መርዶውን የሰማን ሰዎች ነጠላ ጫማችንን እየጎተትን ስንደርስ አፈሩ ተስተካክሏል። ሐምዲ ከኩዌት ፈቃድ አግኝቶ እስኪመጣ አራት ቀን ይፈጃል ተባለ። ለሠላሳ ዓመት በባዩሚ ድንኳኖች ውስጥ ቡና ያፈላው ሸሐታ ክንዱን ያዘው።

“ወንድሜ፣ ድንኳኑን ቡና ቤቴ ፊት እንትከለው። ለሰዉም ይቀርበዋል።”

“ቡና ቤትህ ውስጥ ነው እንዴ የሞተችው?”

“ምን አለበት አንተ?”

“ከደጃፏ ነው የምተክለው። ከዐስር ሶላት በኋላ እዚያ ነኝ።”

“ወይ ግትር!”

“አንተ ቡናውን አታቅጥን እንጂ።”

ባዩሚ ከመቃብር በቀጥታ ወደ መንደሩ አስተዳደር ቢሮ ሄደ። ፀጉሯ የተተኮሰ ወጣት ሠራተኛ ኮምፒዩተሯን ነካ ነካ አደረገች።

“ሐጂ፣ ድንኳን የሚፈቀደው ለሠርግ፣ ለልደትና ለጎልፍ ውድድር ነው።”

“ሐዘንስ?”

“ሐዘን ዝርዝሩ ውስጥ የለም። የቤቶቹን ዋጋ ያወርዳል።” ትንሽ አሰበችና አዘነችለት። “በልደት ልመዝግብልዎት?”

“ስንተኛ ዓመቷን ልበል?”

በመስኮቱ በኩል፣ ሣሩ ላይ ለጎልፍ ውድድር የተተከለ ግዙፍ ነጭ ድንኳን ባዶውን ይርገበገባል። ባዩሚ አየት አደረገውና “ገመዱ ላልቷል” ብሎ ወጣ።

እቤቱ ገብቶ ያሉትን ወንበሮች ግድግዳ አስጠግቶ ደረደረ፤ ስምንት ሆኑ። ሸራውን ከሰኒያ የስፌት ቅርጫት አላወጣውም። ጣሪያ ስር የተሰቀለ ሸራ ለእሱ መጋረጃ ነው። ከዚያ ኮቱን ለብሶ በሩን ከፍቶ፣ የሟች ወንድ ዘመዶች ለቀስተኛ ለመቀበል በሚሰለፉበት ቦታ ብቻውን ቆመ። አሳንሰሩ ሰባት ጊዜ ተከፈተ። ሰባቴም ኮቱን አስተካከለ። አንዴ ፒዛ ወጣ፣ አንዴ ውሻ ከነአሽከሩ ወጣ። ፀሐይ ጠለቀች። አርባ ዓመት ለሰው ሁሉ ድንኳን ተክሎ፣ የእሱን ደጅ የረገጠ አንድ እግር ጠፋ።

እኛ ግን ታች ነበርን። ሠላሳ አራት ሰው በሦስት ሚኒባስ፣ ሸሐታ ሕፃን ልጅ በሚያክል ፔርሙዝ መራራ ቡናውን ታቅፎ። በሩ ላይ የነበረው ጥበቃ ጋደላ የሚባል፣ ከደቡብ ግብፅ ከሶሃግ የመጣ ሰው ነው።

“ሐጂ ባዩሚ ቤት ለቅሶ ልንደርስ ነው” አለው ሸሐታ።

“አላህ ያጽናቸው። ልደውል።” ደወለ። “አይነሣም።”

“ማን ጋ ነው የምትደውለው?”

“ወይዘሮ ሰኒያ ይላል።”

“አንተ ሰውዬ፣ የሞተችው እኮ እሷ ናት!”

ጋደላ ክው አለ። “ሌላ ቁጥር የለም። ቢሮውም በአስር ሰዓት ተዘግቷል።”

“እንግዲያው ወጥተህ ጥራው!”

“በሩን ትቼ ብንቀሳቀስ ነገ ተባርሬ ሶሃግ ነኝ፣ አጎቴ። አምስት ልጅ አለኝ።”

አሥራ አንድ ጊዜ ደወለላት። ሸሐታም በራሱ ስልክ ዘጠኝ ጊዜ ሞከረ፤ እኛም ያለን የእሷ ቁጥር ብቻ ነው። ሲመሽ ተመለስን። ሚኒባሱ ውስጥ ሐዘናችን ወደ ሐሜት ተለወጠ። አንዱ “ፎቅ ሲወጣ ረሳን” አለ። ሌላው “ያውቅ ነበር፣ እንደኛ ያለ ሰው ዳክዬዎቹን ያስደነግጥበታል” አለ። እኔም አላነስኩም፤ የዳክዬዎቹን ያልኩት እኔ ነበርኩ፣ ሁሉም ሳቁ።

በማግስቱ ጠዋት ባዩሚ ሸራውን አንዴ ሊያየው የስፌት ቅርጫቱን ከፈተ። ስልኩን ከሸራው ላይ አገኘው። ሃያ ያልተነሣ ጥሪ። “ዋና በር፣ ዋና በር፣ ሸሐታ፣ ዋና በር...” ቁጭ ብሎ እስከ መጨረሻው አነበበው። ለሸሐታ መደወል ይችል ነበር። ግን ደውሎ “ተመለሱ” ማለት ለለቅሶ መጥራት ነው። ስልኩን ድምፁን ከፍቶ ኪሱ ከተተ፣ ሸራውን ትከሻው ላይ ጣለ፣ ገመድና አንድ ወንበር ይዞ ወረደ።

ከበሩ ማገጃ ውጪ፣ በሁለት የመብራት ምሰሶዎች መካከል፣ ሸራውን አውራ ጎዳናው እንዲያየው አድርጎ ወጠረ። ጋደላ ሮጦ መጣ።

“ሐጂ፣ እዚህ አይቻልም!”

“ለቀስተኞቿን እስከዚህ ነው ያደረሳችኋቸው። እንግዲህ ደጃፏ እዚህ ነው።”

ጋደላ ነገሩ ገባውና አንገቱን ደፋ። “የመለስኳቸው እኔ ነኝ።”

“ስንት ነበሩ?”

“ሠላሳ አራት።”

“ሠላሳ አራት!” የባዩሚ ፊት ለአፍታ በራ። “ቡናስ ነበራቸው?”

“ትልቅ ፔርሙዝ።”

ጋደላ ቆቡን አስተካክሎ እንደ ወንድም ከባዩሚ ግራ ተሰለፈ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ መኪና ሲመጣ ማገጃውን በአንድ እጁ ይዞ መስኮት ያስከፍታል።

“‘የቀረው የወይዘሮ ሰኒያ ዕድሜ ለእርስዎ ይሁን’ ብለው ሐጂን ያጽናኑ።”

“ለማን? ማገጃውን አንሣው!”

“ያንን ካሉ ራሱ ይነሣል።”

አንዲት የጎልፍ ዱላ የጫነች ሴት ጡሩንባዋን አስጮኸች። “ማናት ደግሞ ሰኒያ?”

“አሥራ ሰባተኛ ፎቅ ያሉት። አሳንሰር ውስጥ ሰላም የሚሉት።”

ሴትየዋ ጥቁር መነጽሯን አወለቀች። “ሁልጊዜ?”

“ሁልጊዜ።”

“እኔ እኮ... ስልክ የምታወራ ይመስለኝ ነበር” አለችና፣ ከመኪናዋ ወርዳ ባዩሚን ጨበጠችው። ማገጃው ግን ለእሷም እንደ ሌላው ያንን ቃል ካለች በኋላ ነው የተነሣው።

ሦስተኛው ቀን፣ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚያበቃው የመጨረሻው የለቅሶ ቀን፣ አንድ የሰፈራችን ታክሲ ነጂ በዚያ ሲያልፍ ቀይዋን ቅጠል አየ። ወዲያው ሸሐታ ቡና ቤት ደወለ። “ሰዎች፣ የሰኒያ ሸራ መንገድ ላይ ተሰቅሏል! ሰውየው ውጪ ቆሞ ነው የሚጠብቃችሁ!”

ቡና ቤቱ በአንድ ትንፋሽ ባዶ ሆነ፤ የዶሚኖ ድንጋዮቹ እንደተዘረጉ ቀሩ። የቀለበት መንገዱ ግን ካይሮን በሙሉ ያዘለ ይመስል አልንቀሳቀስም አለ። እኔ መስኮቱ ጋ ተቀምጬ፣ ያን ዕለት ያልኩትን እያሰብኩ፣ ፀሐይዋን በዐይኔ ወደ ላይ እገፋ ነበር።

ስንደርስ ጠልቃለች። ነዋሪዎች አቤት ብለው፣ አስተዳደሩ ሸራውን አስወርዶ፣ ጋደላንም አሰናብቶ ነበር። ባዩሚ ብቻውን የተጠቀለለ ሸራውን በብብቱ ይዞ፣ በሌለው ድንኳን በር ላይ እንደቆመ ነው። ሸሐታ ፔርሙዙን መሬት ላይ አስቀምጦ ወደ እሱ ሲሄድ፣ ከኋላው ተሰለፍን።

ባዩሚን የማያውቀው አዲሱ ጥበቃ ከጎጆው ጮኸ። “እናንተ! የማን እንግዶች ናችሁ?”

“የሰኒያ” አለው ሸሐታ።

ጥበቃው መዝገቡን ገልብጦ ደወለ። የባዩሚ ኪስ ጮኸ። አወጣው፣ አየው፣ መቼም ተናግሮበት የማያውቀውን ነገር በሁለት እጁ ጆሮው ላይ ለጠፈው።

“አቤት። አዎ፣ የእሷ ናቸው።” ሰልፋችንን አየ። “አይ፣ አይግቡ። እዚሁ ነን።”

ስልኩን ሳይዘጋ እጁን ለሸሐታ ዘረጋ።