የወሰድሽው ደም ምን አለ?

«እኛ የከብት ደም ከቀዳን በኋላ ከብቱን ውሃ እናጠጣዋለን፣ ሳር እንሰጠዋለን። አንቺ ግን ትወስጃለሽ፣ ዝም ትያለሽ።»

ዛሬ ወይጦ መንደር ላይ አንዲት የፀማይ ብሔረሰብ እናት ናት እንዲህ ያለችኝ። እሷ ክንዷን ዘርግታ፣ እኔ መርፌ ይዤ።

የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ክንዳቸው ላይ የወሊድ መቆጣጠሪያ ኢምፕላንት ያስቀበሩ ሴቶችን ደም እቀዳለሁ። በበረዶ ሳጥን ጂንካ አደርሰዋለሁ፤ ደሙ ውስጥ ያለው የመድኃኒቱ ሆርሞን የሚለካው አዲስ አበባ ነው። ደሙ ይሄዳል፣ ወሬው ግን አይመለስም።

አምባሮቿን ወደ ታች ገፋ አድርጋ ኢምፕላንቱን በጣቷ ነካችው። «ወር አበባዬ ቀርቷል። ባሌ አርግዘሻል ይላል። መድኃኒቱ አልቆ ይሆን? ባለፈው የወሰድሽው ደም ምን አለ?»

የእርግዝና ምርመራ ወዲያው ሠራሁላት። እርግዝና የለም። ወር አበባ በኢምፕላንቱ ምክንያትም ሊቀር እንደሚችል ነገርኳት፤ ትንሽ እፎይ አለች።

«የሆርሞኑ ውጤት ደግሞ ሲመጣ...» ብዬ ስጀምር፣ «...እንነግርሻለን» ብላ ጨረሰችልኝ። ይህቺን አማርኛ በመደጋገም ሳናስተምራት አልቀረንም።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደክሞኛል። መንገዱና ሙቀቱ አይደለም ያደከመኝ፤ ይህቺን ዓረፍተ ነገር መድገሙ ነው።

ያም ሆኖ ክንዷን አልሰበሰበችም። «ውሰጂ» አለችኝ። «ይሄኛው ግን ይናገር።»

ደማችሁን ሰጥታችሁ ውጤቱ የቀረባችሁ፣ ወይም እንደኔ ቀድታችሁ መልስ ያጣችሁ ካላችሁ፣ እስቲ ምን ብላችሁ እንደነበር ጻፉልኝ። ነገ ቀይ አፈር ከተማ ነኝ፤ እዚያም የሚጠብቀኝ ይኸው ጥያቄ ነው።