ወንድሜ የማይሰማው ከበሮ

ወንድሜን ጆሮውን የነሳው ማጅራት ገትር ነው። ትኩሳቱ የለቀቀው ቀን ዓይኑን ገለጠና ዙሪያውን አየን። «ምንድን ነው ሁላችሁም የምታንሾካሹኩት?» አለ። እኛ ደግሞ በደስታ እየጮህን ነበር።

ከዚያ በፊት ጨፋ ውስጥ ሰርግ ካለ ከበሮው የሱ ነበር። ከሰንበቴ ከተማ ድረስ መጥተው ይወስዱት ነበር፤ እኔም ታናሽ እህቱ ነኝና ከኋላው አልቀርም። እሱ ሲመታ እኔ ሳጨበጭብ ነው ያደግኩት ማለት ይቻላል። ካመመው ወዲህ ከበሮውን ለአንድ ባልደረባው ሰጠና ፊቱን ወደ ልብስ ስፌት አዞረ። ከሚሴ ውስጥ ትንሽ ስፌት ቤት አለን። እሱ ይቆርጣል፣ እኔ መኪናው ላይ ተቀምጬ እሰፋለሁ። እኔ የማወራውን በከንፈሬና በእጄ ይረዳል። እሱ ግን ድምፁን መመጠን ስለማይችል ሲናገር ይጮሃል።

አምና የከተማው ወጣቶች የባህል ቡድን አቋቋሙና ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከአሱር ሰላት በኋላ በአንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ መጫወት ጀመሩ። አማርኛውም ኦሮምኛውም አንድ ዘፈን ውስጥ ይገባል፣ ልክ እኛ ቤት እንደምናወራው። የመጀመሪያው ቀን ሙዚቃው ስፌት ቤታችን ድረስ ተሰማ። ሳላውቀው እግሬ ፔዳሉ ላይ ምቱን ይዞ ኖሯል። ወንድሜ ጎንበስ ብሎ እግሬን አየ፤ ከዚያ ቀና ብሎ ፊቴን አየኝ።

«ሂጂ» አለኝ።

ሄድኩ። ስመለስ በሩ ላይ ቆሜ ላቤን ጠረግኩ፤ ፈገግታዬንም አብሬ ጠረግኩት።

«እንዴት ነበር?»

«ምንም አይል። ድምፅ ማጉያው ያፏጫል፤ ዘፋኟም ጉሮሮዋ ደርቋል።»

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እሄዳለሁ፣ በተመለስኩ ቁጥር ደግሞ አንድ እንከን ይዤለት እመጣለሁ። እንዲህ ካልኩት ያጣው ነገር የሚያንስለት ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን መቀሱን አስቀመጠና፣

«ኦቦሌቲ» አለኝ፤ እህቴ የሚለኝ በኦሮምኛ ነው። «ይኼን ያህል መጥፎ ከሆነ ማን አስገድዶ ነው የሚወስድሽ?»

ሳቀ። ቢቆጣኝ ይሻል ነበር፤ ሳቁ አሳፈረኝ።

«በሚቀጥለው እኔም እመጣለሁ» አለ።

መጣም። ከፊት ወንበር ሰጡት። ከበሮ መቺው ያ የድሮ ባልደረባው ነበር፤ ከቦታው ተነስቶ መጥቶ አቀፈው። ጨዋታው ሲጀመር ሰዉ ተነሳ፣ እልልታው ቀለጠ። እኔ ግን መድረኩን አላየሁም። የማየው ወንድሜን ነበር። ዓይኑ ከበሮ መቺው እጅ ላይ ተተክሏል፤ የራሱ እጆች ግን ጉልበቱ ላይ እንደተቀመጡ ናቸው። ሴቶች መጥተው ለጭፈራ ሲጎትቱኝ እምቢ አልኩ። ዘፈኑ አለቀ። እሱ ማለቁን አላወቀም።

«አንቺ!» አለ፣ ያ ሁሉ ሰው ዝም ባለበት። «የመጣሽው ሙዚቃውን ልታዪ ነው ወይስ እኔን?»

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየን። ከኋላ የሆነ ሰው ሳቀ። ክንዱን ይዤ «እንሂድ» አልኩት። ቀስ ብሎ እጄን አላቀቀ።

«እኔ እሄዳለሁ፤ አንቺ ግን ቅሪ። እዚህ ሰው ሁሉ ደስ ብሎታል። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፣ አንቺ እንደ ለቀስተኛ ባታፈጪብኝ። ወላሂ ከተከተልሽኝ አላናግርሽም።»

በሰዉ መሃል አልፎ ወጣ።

መከተል ነበረብኝ። ከግቢው በር እስኪወጣ ጀርባውን እያየሁ ቆምኩ። ያኔ ከበሮው እንደገና ተነሳ። መጀመሪያ እጄ አጨበጨበ፣ ከዚያ ትከሻዬ ተከተለ፣ ቆይቶ ሴቶቹ መሃል ገብቼ እጨፍር ነበር። ጥሩ ተጫወቱ፤ እንደዚያ ቀን ተጫውተው አያውቁም። እኔም ወንድሜን ረሳሁት። ጭራሽ ረሳሁት፤ ትዝ ያለኝ ዘፋኟ ውሃ ልትጠጣ ስታቆም ነው።

ስመለስ ሱሪ እየቆረጠ ነበር። በሩ ላይ አልቆምኩም፣ ፊቴንም አልጠረግኩም።

«እንዴት ነበር?»

«ደስ ይል ነበር።»

አንገቴን ደፍቼ ስለነበር ከንፈሬን አላየም። «ምን አልሽ?» አለኝ። ቀና ብዬ፣ እንዲገባው እየቆራረጥኩ ደገምኩለት። «ደስ ... ይል ... ነበር።» በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ቃል የለም።

ተናግሬ ከጨረስኩም በኋላ ከንፈሬን ያይ ነበር። «አልሃምዱሊላህ» አለና ወደ ጨርቁ ተመለሰ። ከፊቱ ምንም ማንበብ አልቻልኩም። ተቆጥቶ እንደሆነ፣ ደስ ብሎት እንደሆነ፣ ዛሬም አላውቅም።

አመሻሹ ላይ የመግሪብ አዛን ሲል እንደ ልማዴ በእጄ ምልክት ሰጠሁት። መቀሱን አስቀምጦ ለሰላት ሊታጠብ፣ ውዱእ ሊያደርግ ወጣ። ከበሮው ገና ጆሮዬ ውስጥ ነበር፤ አፈርኩበት።