የተያዘው መስመር

ገና ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ነፋስ ስልክ በነበርንበት የኪራይ ግቢ መብራት በጠፋ ቁጥር እኛ ልጆች ወደ ጎረቤታችን ወደ ጋሽ ወርቅነህ በረንዳ እንሮጥ ነበር። ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ ፈርኔሎው ላይ በቆሎ ይጠብሳሉ፤ የፋኖሱ ጭስ ዓይናችንን እየቆጠቆጠን የከሰሉን ፍም ከበን እንቀመጣለን። የሌላ ግቢ ልጆች ስለ ጅብና ስለ ጦጣ ሲሰሙ፣ እኛ ያኔ የምንሰማው ኮምፒውተሮች እንዴት መነጋገር እንደጀመሩ ነበር።

ጋሽ ወርቅነህ በወጣትነታቸው፣ ይሠሩበት በነበረ መሥሪያ ቤት፣ ኮምፒውተርን በስልክ ሽቦ ከውጭ አገር ኮምፒውተር ጋር ለማገናኘት ከደፈሩት ከመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ናቸው። አለቆቻቸው እንደሳቁባቸው፣ ሙከራው ለወራት እንደከሸፈ፣ በመጨረሻ አንድ የክረምት ቀን ስልኩ ላይ የተገጠመችው ትንሽ ሣጥን ስትንጫጫ ውላ መልእክቱ እንደተላከ፣ «ደርሶናል» የሚል መልስም እንደመጣ ይነግሩናል። የሣጥኗን ጩኸት በአፋቸው ሲያሰሙን በሳቅ እንፈነዳለን። መልሱ የሚመጣበት ቦታ ሲደርሱ ግን እትዬ ብርቄ ሁልጊዜ ተነሥተው ወደ ቤት ይገባሉ። ታሪኩ የሰለቻቸው ይመስለኝ ነበር።

አንድ ምሽት ጠየቅኋቸው። «እትዬ፣ ያን ቀን እርስዎ የት ነበሩ?»

በሩን ይዘው ቆሙ። «እዚሁ። ልጄን ታቅፌ።»

ልጅ እንደነበራቸው አናውቅም ነበር። ሚኪያስ ይባላል አሉን፤ ሁለት ዓመቱ ነበር። የዚያን ቀን ጠዋት ትኩሳት ይዞት ያንዘፈዝፈው ጀመር። ያኔ በዚህ ሰፈር ዝናብ ከጣለ ታክሲ አይገኝም፤ ተስፋቸው የባላቸው መሥሪያ ቤት መኪና ነበር። ሱቅ ሄደው ወደ ቢሮው ደወሉ።

«ተይዟል። ደግሜ ደወልኩ፣ ተይዟል። እስከ ቀትር ተይዟል።» ድምፃቸው ከፍ አላለም። «አዝዬው በእግሬ ወጣሁ። ሐኪም ቤት ሳልደርስ ጀርባዬ ላይ ቀዘቀዘብኝ። እሱ ማታ ‹ደርሶናል› የሚለውን ወረቀት ይዞ እየሳቀ ገባ።»

ጋሽ ወርቅነህ ፍሙን ቆሰቆሱ።

«ቢሮው ያለችው መስመር አንዲት ነበረች፤ እሷንም ኮምፒውተሩ ይዟት ነበር» አሉ። «ጓደኞቼ፣ ‹መስመሩን ትንሽ እንልቀቀው፣ የሚፈልገን ሰው ይኖራል› ብለው ነበር። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት።»

እትዬ ብርቄ ቀስ ብለው ወደ እሳቸው ዞሩ። «ይህን ነግረኸኝ አታውቅም።»

«አልነገርኩሽም።»

በቆሎው እያረረ ነበር፤ ያነሣው ሰው የለም። እናቴ በጨለማው ውስጥ ስማችንን እየጠራች ወሰደችን። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ወርቅነህ ታሪክ አላወሩልንም፤ መብራት ሲጠፋ በራቸው ይዘጋል። ሁለቱ ግን አንድ ቤት ውስጥ ኖሩ። እትዬ ብርቄ ምሳቸውን አቅርበውላቸው ራሳቸው ደጅ ወጥተው ሲቀመጡ ለዓመታት አይቻለሁ።

ጋሽ ወርቅነህ ዘንድሮ ሲያርፉ፣ ቀብራቸው ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ እትዬ ብርቄ እኔን አስጠሩኝ። ስለ መልእክቱ፣ በኋላ ስላሠለጠኗቸው ወጣቶች፣ ስለዘረጉት መስመር ሁሉ ጽፌ አነበብኩላቸው።

«ልጁስ?» አሉኝ።

«ልጻፈው?»

«ጻፊው እንጂ። አባት ነበር።»

ፈራ ተባ እያልኩ፣ «ያን... መስመሩን አልለቅም ያሉትንስ?» አልኳቸው።

የነጠላቸውን ጫፍ እያፍተለተሉ፣ «እሱን ተይው» አሉ።

ሀና ማርያም ቅጥር ውስጥ የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ የቀድሞ ባልደረቦቻቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ አለቀሱ፤ የሚኪያስ ስም ሲጠራ ግን ብዙዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ሰምተውት አያውቁም። እትዬ ብርቄ አላለቀሱም። ያን አንድ ነገር ያስተዉኝ ይቅር ብለዋቸው ይሁን፣ ወይስ ለሰው ሊያካፍሉት ስላልፈለጉ፣ እስከ ዛሬ ድረስ መጠየቅ አልቻልኩም።