የጦና ሞተር

ሶዶ ውስጥ የሞተር ሳይክል ጠጋኝ ሞልቷል፤ የጀልባ ሞተር የሚያውቅ ግን ደገፉ ብቻ ነው። በወጣትነቱ አርባ ምንጭ ወርዶ ዓሣ አስጋሪዎች ዘንድ ሲሠራ ነው ሙያውን የለመደው። እጁ ወርቅ ነው፤ ምላሱ ግን ሚጥሚጣ! ሰው የተበላሸ ሞተር ሲያመጣለት ፈታቶ ያይና ባለቤቱን ዓይን ዓይኑን እያየ፣ "የገደልከው አንተው ነህ!" ይለዋል። "መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን ሳታጣራ እየጨመርክ፣ አሁን እኔ ዘንድ መጥተህ ታለቅሳለህ?" ሚስቱ ፈጠነች "ኧረ ተው፣ ደንበኛ ታባርራለህ" ብትለው፣ "እውነት የሚያባርረው ደንበኛ ገደል ይግባ" ባይ ነው። አቶ ኤርሳዶ እንግዲህ የመጡት እንዲህ ያለው ሰው ዘንድ ነው።

ከአባያ ሐይቅ ዳርቻ፣ ከአበላ በኩል፣ በአይሱዙ ተጭነው መጡ። ሞተሩን በጋቢያቸው ጠቅልለውታል። ጦና የሚባል ልጃቸው በዚህ ሞተር ዓሣ ሊያጠምድ እንደወጣ አልተመለሰም። ጀልባዋ ውሃ ሞልቷት፣ ማዕበሉ ከነሞተሯ ዳር ጥሏት ተገኘች፤ ልጁ ግን የለም። ለቅሶውስ ተለቅሷል። የሚቀበር በሌለበት ግን ምኑ ለቅሶ ይባላል?

"ሥራልኝ ልጄ" አሉት። "ዳር ዳሩን ዞሬ ልፈልገው። አጥንቱንም ቢሆን አግኝቼ ልቅበረው። እናቱ ልጄን አፈር ሳላለብስ ከመሬት አልነሳም ብላለች።"

ደገፉ፣ ያ ነገረኛው ደገፉ፣ "እሺ ጋሼ፣ ዛሬውኑ ይዘውት ይገባሉ" ብቻ አለ።

ሽማግሌው የቤንዚን ታንኩንም አስጠጉለት። "እሱ ጤነኛ ነው፤ እኔ ነኝ የምጠብቀው። በእኔ ታንክ አንዲት ጠብታ አትባክንም" አሉትና ቤንዚን ፍለጋ ወደ መናኸሪያው ሄዱ።

ደገፉ ካርቡሬተሩን ሲከፍት ውሃና ዝገት ወረደ። ያው ውሃ ነው የገደለው ብሎ አሰበ። አጠበው፣ ቀጫጭን ቀዳዳዎቹን በአየር ነፋ፣ የቤንዚን ፓምፑን ስስ ላስቲክ ቀየረ። ሞተሩን ውሃ በሞላ በርሜል አፍ ላይ አስሮ፣ ትራፊ ቤንዚን ካለበት ታንክ ጋር በቱቦ አያይዞ የማስነሻ ገመዱን ሳበ። ተነሳ! ድምፁ ደስ ይላል። ትንሽ ቆየና ግን አጉተመተመ፣ ተንተፋተፈ፣ ጠፋ። ደግሞ አስነሳው፤ ደግሞ ጠፋ።

"ምን ሆነሃል አንተ?" አለና ቱቦውን በዓይኑ ተከተለ። ቱቦው መሐል ላይ ቤንዚን ለመሳብ በእጅ የምትጨመቀው የጎማ ኳስ አለች፤ ማንም ሳይነካት ሟሽሻ ተጣብቃለች። የታንኩን ክዳን ላላ ሲያደርገው ፍሽሽ ብሎ አየር ሳበ። ገመዱን ሲስበው ሞተሩ ባንዴ ተነሳ፤ ከዚያ በኋላም አልጠፋም።

ክዳኑን ገልብጦ አየው። መተንፈሻ ቀዳዳው በልብስ ሳሙና ድፍን ብሏል።

ደገፉ ክው አለ። በዚህ አገር የሚያንጠባጥብ ታንክ በሳሙና ነው የሚታከመው፤ እሱ ራሱ ስንቱን መርጎ ያውቃል። ይቺ ቀዳዳ ግን ሽንቁር አይደለችም። ቤንዚን በወጣ ቁጥር በእሷ አየር ካልገባ ሞተሩ ይስብ ይስብና ታፍኖ ይሞታል። ሽማግሌው ቤንዚን እንደዚህ በጠፋበት ጊዜ፣ ጀልባዋ በተናጠች ቁጥር በእሷ በኩል ሲረጭ እያዩ ቆጭቷቸው ነው። ለቤታቸው ብለው ነው። እንዲያ አድርገው ልጃቸውን ሐይቅ መሐል አስቀሩት!

የለመደው ቃል አፉ ድረስ መጣበት፤ ዋጠው። ሳሙናውን በሽቦ ፈልፍሎ አወጣ፣ ክዳኑን በጨርቅ ወለወለ። ሆድ ይፍጀው አለ። ልጁን ያጣ አባት ይህንንም ጨምሮ ይሸከም? አይሆንም!

አቶ ኤርሳዶ ሲመለሱ ሞተሩ በርሜሉ ላይ እየሠራ ነበር።

"ምን ነበር ሕመሙ?"

"ውሃ ነው ጋሼ። ካርቡሬተሩ ውስጥ ውሃ ገብቶ ነበር።"

ውሸት አይባልም፤ ውሃማ ነበረበት። የገባው ሞተሩ ከጠፋ በኋላ መሆኑን ነው ያልተናገረው።

"ተባረክ፣ እጅህ አይንጠፍ" ብለው መረቁት። ያገኙትን ቤንዚን ታንኩ ውስጥ ገለበጡ፣ ክዳኑን አጠበቁ። ደገፉ ሞተሩን አይሱዙው ላይ አስጭኖ ዞር ሲል፣ ሽማግሌው ከኮት ኪሳቸው የሳሙና ቁራጭ አውጥተው በአውራ ጣታቸው ክዳኑ ላይ ያሻሉ።

"ይቺ ቀዳዳ ተከፍታለች እኮ" አሉ።

"ጋሼ፣ ይተዉ!" ጮኸ ደገፉ።

"ምነው ልጄ?"

ምን ይበል? ዝም ቢል እሳቸውም እዚያው ሐይቅ ላይ ሊቀሩ ነው። ቢናገር ደግሞ… በተቻለው መጠን ነገሩን አቅልሎ፣ የሳቀም መስሎ፣ "ቤንዚኑ እንዲወርድ ትንሽ አየር ይፈልጋል ጋሼ። ምናልባት ሐይቁ ላይ ከጠፋብዎ ክዳኑን ላላ ያድርጉት፤ ይነሳል" አላቸው።

የሽማግሌው ጣት ክዳኑ ላይ ቀረ። ፊታቸው ሲለወጥ ደገፉ አየና ምነው ምላሴን በቆረጠው አለ።

"ያን ቀን ከሐይቁ ላይ ስልክ ደውሎልኝ ነበር" አሉ አቶ ኤርሳዶ፣ በጣም ቀስ ብለው። "አባ፣ ሞተሩ እምቢ አለኝ፣ ነፋሱም በርትቷል፣ የታንኩን ክዳን ከፍቼ ልየው? አለኝ። ማዕበሉ ውሃ ያስገባበታል፣ ቤንዚኑ ይበላሻል፣ እንዳትነካው አልኩት።"

ደገፉ አንገቱን ደፋ።

"ያን ጊዜ ቢከፍተው ይነሳ ነበር?"

ሰውን በእውነት ሲያስለቅስ የኖረው ሰው እንባውን ቤንዚን በነካው እጁ ጠረገ፤ ዓይኑን አቃጠለው። ሽማግሌው ይህን አዩና ታንኩን አቅፈው መሬት ላይ ተቀመጡ።

"እሺ አባ ነው ያለኝ" አሉ። "ጦና እምቢ ብሎኝ አያውቅም።"