እናቴ ለእግሬ የተሳለችው

ዳሌዬን የአጥንት ቲቢ የያዘኝ በልጅነቴ ነው። ሐኪሙ ከወገቤ እስከ ቁርጭምጭሚቴ በጄሶ ጠፍሮ ሐረር ሆስፒታል አስተኛኝ፤ ከዚያ አልጋ ከአንድ ዓመት በላይ አልወረድኩም። አባቴ ከጎጃም ተዛውሮ የመጣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። እናቴ የሐረር ልጅ ናት። ቤታችን ሸዋ በር አጠገብ ስለነበር በየጠዋቱ ምግቤን ይዛ በእግሯ ትመጣለች።

በዓቢይ ጾም መግቢያ ለቁልቢው ገብርኤል ተሳለች፤ ልጄ በሁለት እግሩ እስኪቆም ከቆሎና ከውሃ በቀር አልቀምስም አለች። ለማንም አልተናገረችም። ሰው ሁሉ በሚጾምበት ወቅት አንዲት ሴት መክሳቷን ማን ልብ ይላል? ቤት ሲጠይቋት ሆስፒታል በላሁ ትላለች፤ ሆስፒታል ሲጠይቋት ቤት በልቼ መጣሁ።

ነገሩ የታወቀው ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው። አንድ እሑድ አባቴ ዶሮ ወጥ ይዞ መጣ። ከጎኔ ባለው አልጋ ልጇን የምታስታምም አንዲት ሐረሪ ሴት ነበረች፤ ሳቂታ ናት።

«ኧረ ጌታው፣ ሚስትዎ የያዘችው ምን ዓይነት ጾም ነው? ወላሂ የኛ ረመዳን እንኳ ፀሐይ ስትጠልቅ መግሪብ ላይ ይፈታል! ይቺ ቆሎዋን ቆርጥማ፣ ውሃዋን ጠጥታ፣ አበቃ!»

አባቴ ሳቀ። ወዲያው ሳቁ ጠፋ።

«የምን ጾም? በበዓለ ሃምሳ፣ ዓርብ እንኳ በማይጾምበት?»

«ቀልደኛ ናት፤ አትስማት» አለች እናቴ።

«እንግዲያው ይቺን ጉረሺልኝ።»

ጠቅልሎ ወደ አፏ አቀረበ። ፊቷን አዞረች። የአባቴን ጉርሻ ስትመልስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እጁ እንደተዘረጋ ቆየ፤ ወጡ አንሶላዬ ላይ ተንጠባጠበ።

የሚቀጥለውን አባቴ ነው የነገረኝ። በማግስቱ ወደ ነፍስ አባታችን ወሰዳት። እሳቸውም «ስለቱን ፈትቼዋለሁ ልጄ፤ ዕዳው በእኔ ይሁን። ሂጂና ብዪ» አሏት።

«ልጁ ቢሞትብኝስ አባ? እሱም በእርስዎ ይሁን?»

ቄሱ መስቀላቸውን አሳልመው አሰናበቷት።

ወራት አለፉ፤ ዳፍንት ያዛት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደረጃው ይጠፋት ጀመር፤ ግድግዳ እየዳሰሰች ትወጣለች። ሐኪሙ አይቷት የዓሣ ዘይት ሰጣት። የሐኪሙ ረዳት ድሬሰሩ በየቀኑ አንድ ማንኪያ እንድትጠጣ፣ አለዚያ ዓይኗን እንደምታጣ አስረዳት። «እሺ ጌታዬ» አለችና በየጠዋቱ ማንኪያውን እየሞላች አፌ ውስጥ ትጨምረው ጀመር። ይጣፍጥ አልነበረም፤ እየተቆጣች ታስውጠኝ ነበር።

አባቴ ቤት መብላት አቃተው። «እሷ ቆሎ ስትቆረጥም እኔ ምን ብዬ ልጉረስ?» ይል ነበር። ከቢሮ ሲወጣ በባዶ ሆዱ ካቲካላ ይጠጣል። በመጨረሻ ፈረስ መጋላ አደባባይ መሐል ደም አስመለሰውና ጨጓራው ቆስሎ እዚያው ሆስፒታል ከኔ ክፍል ማዶ ተኛ። ከዚያ በኋላ እናቴ የሁለት ሰው ምግብ ትሸከም ጀመር። የራሷ ቆሎ መቀነቷ ውስጥ ነበር።

ጄሶው ተቆርጦልኝ በክራንች ከሰነበትኩ በኋላ አንድ ቀን ወደ ማምሻው ላይ ያለ ምንም ድጋፍ ቆምኩ። እናቴ ከአልጋው ግርጌ ነበረች።

«ቆመ?» ብላ ሐረሪዋን ጠየቀቻት።

«አልሐምዱሊላህ ቆሟል! አታዪውም እንዴ?»

ጠጋ ብላ ጉልበቶቼን በእጇ ዳሰሰች፤ እስከ ጣቶቼ ወረደች። ልጇ ገና ያልተነሳችላት ያቺ ሴት ያን ጊዜ ነገሩ ገባትና አፏን በሻሿ ሸፈነች።

ሐኪሙ ያዳነኝ በየቀኑ የተወጋሁት መርፌ መሆኑን ለአባቴ ነግሮታል። አባቴም ከሆስፒታል ወጥቶ ነበር፤ ግን እንጀራ ከወጥ ጋር ዳግመኛ አልተስማማውም። ጎረቤት ሁሉ ስለቷ ሰመረላት አለ። እናቴ መብላት ጀመረች፤ ዓይኗ ግን አልተመለሰም። ቀን እንኳ ከጥላ በቀር አታይም።

በዓመቱ ስለቱን ልናስገባ ከአባቴ ጋር ሦስታችን ቁልቢ ሄድን። እጇን ይዤ የምመራት እኔ ነበርኩ። መንገድ ላይ አንዲት ምእመን ደረሰችብን።

«እመት፣ ለዓይንዎ ተስለው ነው? አይዞዎት፣ ዘንድሮ ያበራልዎታል።»

«የኔስ ደርሶልኛል» አለች እናቴ።

አባቴ ፊቱን አዙሮ መሬት ላይ ተፋ።