የእህቴ መንጋጋ፦ ከካባላጋላ እስከ ንቲንዳ

ሐሙስ

ካምፓላ የሄድኩት ለሽርሽር አይደለም። እዚያ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ሰላም የፊት ጥርሶቿ መግጠም ካቆሙ ሁለት ዓመት አልፏል። በስንት መከራ የመንጋጋ ስፔሻሊስት ቀጠሮ ስላገኘች፣ ይስተካከልላት እንደሆነ አብሬያት ልሰማ ከአዲስ አበባ ተነሳሁ።

ከኢንቴቤ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ካባላጋላ ሰፈር መንገዱ ተጨናንቆ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ቀይ አፈር፣ ማቶኬ የሚሉትን የሚቀቀል ሙዝ የጫኑ ቦዳዎች፣ ማለትም የኪራይ ሞተር ሳይክሎች፣ ሳይታሰብ የሚወርድ ዝናብ። ሰላም ወጥ የምትሠራበት የሐበሻ ምግብ ቤት ስደርስ ጥብስ አቀረበችልኝ፤ እሷ ግን ጥግ ይዛ ሾርባ ትጠጣለች። ናፍቆቴን ልወጣ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለልኩ። እጄን መለሰችው።

"በሞቴ!" አልኳት።

በሞቴ ከተባለ እምቢ አይባልም፤ አፏን ከፈተች። ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ አፏም እንደተከፈተ ቀረ። እንባዋ እየወረደ አገጯን በሁለት እጇ ገፍታ መለሰችው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ዓርብ

ጠዋት በታክሲ ንቲንዳ ሰፈር ወዳለው ክሊኒክ ሄድን። ሚኒባሱ በተንገጫገጨ ቁጥር ጉንጯን ትይዛለች። ሐኪሟ ረጋ ያሉ ኡጋንዳዊት ናቸው። ራጁን አይተው "እነዚህን የኋላ ጥርሶች ማን ነቀላቸው?" አሉ።

"እኔው ናኪቩቦ ገበያ አካባቢ አስነቀልኳቸው" አለች ሰላም። "አፌን ስዘጋ የሚነካኩት እነሱ ብቻ ስለነበሩ፣ የፊቶቹን ከፍተው የያዙብኝ መስሎኝ።"

"ጥርሶቹ ጤነኞች ነበሩ። ያለቀው የመንጋጋሽ መገጣጠሚያ ነው፤ እሱ ሲያልቅ አገጭሽ ወደ ኋላ ሸሸ፣ ንክሻሽም ተዛባ።"

"ይመለሳል?"

"ሕመሙን እናስታግሳለን፤ ስትተኚ የምታጠልቂው የጥርስ መሸፈኛ እንሠራልሻለን። እንደ ድሮው ይገጥማል ብዬ ግን አልዋሽሽም።"

ሰላም አመስግና ወጣች። ደረጃው ላይ ስንደርስ ግን ግድግዳውን ተደግፋ "ጋሼ፣ ደህናዎቹን በገዛ እጄ..." አለችና አለቀሰች። እኔም አልቻልኩም፤ አብሬያት አለቀስኩ።

እሑድ

ከሰዓት በኋላ አዲስ አበባ ቤቴ ገባሁ። ከማዕድ የሚሸሽ ሁሉ ኩሩ እንዳልሆነ የተማርኩት በዚህ ጉዞ ነው። ግብዣ ሲጠሯት ስለምትቀር ዘመድ "ሰላም ኮራች" እያለ ሲያማት እኔም አብሬ አምቻታለሁ። ለእናታችን ሐኪሟ ያሉትን አንድ በአንድ ነገርኳት።

"ታዲያ ምን ትበላለች?" አለችኝ።

"ሾርባ፣ አጥሚት፣ የላመ ማቶኬ።"

"ከማን ጋር?"

"ብቻዋን፣ እማዬ።"